ጦሙን የሚያድር ሞገድ

አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ስልክ ይዛልኝ መጣች። አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አላለኝም። ለፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ገጠር ስሄድ ግን ኢንተርኔቱ ድራሹ ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ከመርካቶ በገዛት ርካሽ ስልክ ቪዲዮ ያያል! «የአሜሪካ ነው ያልከኝ ይሄ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስልኬ አልተበላሸም። እዚያ ያለው ማማ የሚጠቀምበትን ባንድ አያውቀውም፣ በቃ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም ዓለምን በሦስት ቀጣና ከፍሏል። አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር አንደኛው ውስጥ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ሁለተኛው ውስጥ። በእኛ ቀጣና የተለመደውን የ800 ሜጋኸርዝ የ4ጂ ባንድ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች አይቀበሉትም።

አገሮች ተስማምተው ተመሳሳይ ባንድ ሲጠቀሙ ፋብሪካው ለአንድ ሰፊ ገበያ ያመርታል፤ ስልክም ይረክሳል። የወንድሜ ስልክ ርካሽ ሆና የሠራችው በዚህ ምክንያት ነው።

ባንድ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ከፍተኛው ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ዝቅተኛው፣ ማለትም 700 እና 800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል። ስለዚህ በጥቂት ማማ ብዙ ቀበሌ ይሸፍናል። ድሮ የቴሌቪዥን ነበር፤ ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ሲዞር ነው ለሞባይል የተረፈው። ለገጠራችን ከዚህ የተሻለ ሞገድ የለም።

ታዲያ እንዴት ይሰጥ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ2016 የ700 ሜጋኸርዝ ባንድን ለጨረታ አቀረበች። መነሻ ዋጋው ውድ ስለነበር አንድም ተጫራች አልመጣም። በ2021ም እንደዚያው። ዋጋው ተቀንሶ ገዢ ያገኘው በ2022 ነው። ለም መሬት ስድስት ዓመት ጦሙን አደረ ማለት ነው። ሞገድ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ አይገባም፤ ዛሬ ያልተጠቀምንበት ለነገ አይተርፍም።

እኛም አገር ሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2021 በሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ሁላችንም ያወራነው ስለ ዋጋው ነበር። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስፈልገው አልክድም። ግን ለሞገድ የሚከፈል ገንዘብ ማማ የሚተከልበት ገንዘብም ነው፤ አንዱ በበዛ ቁጥር ሌላው ይሳሳል።

ስለዚህ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምጠብቀው ይሄን ነው፦ ዝቅተኛ ባንድ ሲሰጥ ዋጋው ይለዝብ፣ ግዴታው ይጥበቅ። ኩባንያው በስንት ዓመት የትኛው ወረዳ ይደርሳል? ካልሠራበትስ ይመልሳል ወይ? መልሱ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ በሚያየው ካርታ ላይ፣ በሚገባን አማርኛ ይቀመጥ። ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ነውና መጠየቅ መብታችን ነው።

እስከዚያው ግን ምክሬን ስሙኝ፦ ከውጭ ስልክ ላኩልኝ ከማለታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ጠይቁና የሚቀበላቸውን ባንዶች ፈልጉ። አለበለዚያ በበዓል ቀን የታናሽ ወንድም መሳቂያ መሆን አለ።