ጭብጨባው ይብቃን

በግጥም ምሽቶቻችን ለተማሪ ገጣሚ የምናዘንበው ጭብጨባ ከመፍረድ የመሸሽ ስንፍና ነው። "ትችት ጀማሪን ይሰብራል" ይሉናል። እኔ ግን እላለሁ፦ ሲወደስ ብቻ የኖረ ተማሪ ማታ ብቻውን ሲሆን "እውነታቸውን ይሆን?" እያለ ይብሰለሰላል፤ የታረመ ግን የትኛው ስንኙ እንደ ቆመለት ያውቃል።

ከምሠራበት ባንክ ወጥቼ በመርካቶ ሸማ ተራ ሳልፍ፣ ገዥዋ ነጠላውን ወደ ብርሃን አንሥታ ጥለቱን ስትመረምር ባለ ሱቁ ሲያኮርፍ አላየሁም (በዋጋው መጨቃጨቃቸው ሌላ ነው)። ግጥም ከነጠላ ያንሳልን?

"ፍቅር እስከ መቃብር"ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ቤት ያለፉ ናቸው። እዚያ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት መወድስ እስኪሞላ ድረስ የቆጠረውን የኔታ ፊት ይነግራል። የኔታ የተንጋደደውን ያቃናሉ፤ ባዶውን ይመልሳሉ። በማግስቱም ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል።