ነቀፌታው ለቤቱ፣ ቅጣቱ ለአስተናጋጁ

ቀድሞ በምግቡ ወይም በመስተንግዶው ቅር የተሰኘ ደንበኛ ባለቤቱን አስጠርቶ ቅሬታውን ፊት ለፊት ይነግረው ነበር። ባለቤቱም ይቅርታ ጠይቆ፣ ምግቡን አስለውጦ በሰላም ይሸኘዋል። ዛሬ ግን ብዙው እንግዳ ሒሳቡን ከፍሎ በዝምታ ከወጣ በኋላ፣ በእጅ ስልኩ በጎግል ካርታ ወይም በትሪፕ አድቫይዘር አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶ፣ አንዳንዴም የአስተናጋጇን ስም ጠርቶ፣ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ ነቀፌታውን ይጽፋል።

ይህ ነገር ለንግድ ሥራ ቀላል አይደለም። በወቅቱ የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ማይክል ሉካ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የሚገኙ ምግብ ቤቶች ዬልፕ በተባለው ገጽ የአንድ ኮከብ ብልጫ ሲያገኙ ገቢያቸው ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ብልጫው የጠቀመውም ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን ታዋቂ ድርጅቶች ሳይሆን በራሳቸው የቆሙትን ቤቶች ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ድንጋጤውን በሠራተኛው ላይ ሲያወርደው ነው። ምግቡ የዘገየው መብራት ስለ ጠፋ ወይም የወጥ ቤት ሠራተኛ ስላነሰ፣ ዋጋው የከበደው ባለቤቱ ስለ ጨመረ ሊሆን ይችላል፤ የሚነሣው ግን ሰሐኑን ያቀረበችው አስተናጋጅ ስም ነው። እርስዋም በቤቱ ስም መልስ ለመስጠት ሥልጣን የላትም። አንዳንዶቹ ሠራተኞች ጽሑፉን በማድ ቤት አንብበው ይሥቁበታል፤ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ይውጡታል፤ ሌሎቹም ፊታቸውን ለሚቀጥለው እንግዳ ያጠቁራሉ፤ ወይም ሥራውን ትተው ይሄዳሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

ደግሞም ኮከብ ሁሉ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኡባ በትለር የተባለ ጸሐፊ በለንደን በመኖሪያው ጓሮ ያለችውን ጎጆ ምግብ ቤት አስመስሎ፣ በሐሰተኛ ምስጋና ብቻ በትሪፕ አድቫይዘር ከከተማዪቱ ምግብ ቤቶች አንደኛ አድርጓታል። ሐሰተኛ ምስጋና ይህን ያህል ከሠራ፣ ሐሰተኛ ነቀፌታ ምን ያህል ቤት ያፈርስ ይሆን?

እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ሦስት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ መልሱን ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ስም፣ በጨዋ ቃል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ ቃሉን ይስማ፤ በባልደረቦቹ ፊት አያዋርደው። ሦስተኛ፣ በአንድ ኮከብ ምክንያት ደመወዝ አይቁረጥ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አሠሪ ከደመወዝ እንዳይቀንስ ይከለክላልና።

ይህም ለምግብ ቤት ብቻ ሳይሆን ሻጭ ቀጥሮ ለሚያሠራ ባለሱቅ ሁሉ የሚሆን ነው። የንግድ ፈቃዱን በስሙ ያወጣ፣ ትርፉንም በስሙ የሚቀበል ሰው ነቀፌታውንም በስሙ ይቀበል።