የመኪና ዓምድ፦ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ሲደነድን

ወደ ገጠር ለሥራ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በላንድክሩዘር ወይም በላንድሮቨር ነው። ጭቃና ድንጋይ የማይበግረው መኪና ስለሆነም ተሳፋሪው ልቡ ሙሉ ነው። ነገር ግን መኪና የሚመሰገነው በመሄዱ ብቻ ሳይሆን በመቆሙም ጭምር ነው። ስለዚህ ሾፌሩ «ዛሬስ ፍሬኑ ደነደነብኝ» ሲል የተሰማ እንደ ሆነ፣ እንደ ቀላል ነገር አልፎ ጉዞ መቀጠል አይገባም። የዛሬው ዓምዳችን የዚህን ሕመም ምክንያትና መመርመሪያውን ያስረዳል፤ ምርመራውም መካኒክ ላልሆነ ሰው የሚከብድ አይደለም።

አስቀድሞ የፍሬን ሕመም ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መርገጫው እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። እግር እንደ ተጫነው ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ፣ ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ፤ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጡ አርጅቷል። እኛ የምንናገርለት ግን የነዚህ ተቃራኒ ነው፤ መርገጫው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ በሙሉ ጉልበት ቢረግጡትም አይወርድም፣ መኪናውም እንደ ልብ አይቆምም። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰርቮ የሚባለው ረዳት ነው።

ሰርቮው ከመርገጫው ፊት ለፊት፣ በኮፈኑ ሥር የሚታየው ክብ ቆርቆሮ ነው። በውስጡ ቦታውን ለሁለት የሚከፍል የጎማ መጋረጃ አለ። ሞተሩ ሲሠራ በሁለቱም ክፍል ያለው አየር ይመጠጣል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ ግን በስተኋላ ወዳለው ክፍል የውጭ አየር ይገባል። ያን ጊዜ የውጭው አየር መጋረጃውን አየር ወደ ተመጠጠበት ክፍል በኃይል ይገፋዋል፤ ይህም ግፊት በሾፌሩ እግር ላይ ይጨመራል። ኃይሉን ለመገመት ያህል፣ ወርዱ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ሰርቮ ስፋቱ 490 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢጫን እንኳ ድምሩ ከ240 ኪሎ ይበልጣል። ይህን ብልሃት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ያወጣው ቤልጂጋዊው መሐንዲስ አልቤር ደዋንድር ነው።

እንግዲህ ይህ ረዳት ሥራውን ቢያቆም ፍሬኑ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሸክሙ ሁሉ በሾፌሩ እግር ላይ ብቻ ወደቀ ማለት ነው። በ1948 መሠራት የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች ሰርቮ አልነበራቸውምና፣ የእነርሱ መርገጫ ቢከብድ ተፈጥሮው ነው እንጂ ሕመም አይደለም።

አየሩን የሚመጥለት ማን ነው? በቤንዚን መኪና ሞተሩ ራሱ አየር በሚስብበት ቱቦ በኩል ይመጥለታል። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ መምጠጥ ስለሌለው፣ ለዚሁ ሥራ የተለየ የአየር ፓምፕ ይገጠምለታል። በብዙ አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ የሚዞር ነው። ስለሆነም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ቢበጠስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ የባትሪው መብራት ይበራል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደነድናል። ሁለቱን ምልክት አንድ ላይ ያየ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ኮፈኑን መክፈት ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ከጎማዎቹም ሥር ድንጋይ ያስገቡ።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍተው መርገጫው እስኪደነድን ድረስ አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ። ከዚያም እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። መርገጫው ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ንቅንቅ ካላለ ግን ወይ ሰርቮው ታሟል፣ ወይ የሚመጥለት አጥቷል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ አሠርተው ያጥፉና ረጋ ብለው ደጋግመው ይርገጡ። የመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ፣ ቀጣዮቹ እያደር ከፍ ማለት አለባቸው። የመጀመሪያው ራሱ ከደነደነ፣ የተመጠጠው አየር ሳይቆይ ተመልሷል ማለት ነው፤ በቱቦው ላይ ያለችው አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቫልቮላ ትጠረጠራለች።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ መርገጫውን ተጭነው ሳይለቁ ያጥፉት፤ 30 ሴኮንድ ያህልም ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ መርገጫው እግርዎን ወደ ላይ ከገፋ ሰርቮው አየር ያስገባል። ሲረግጡ ሳያቋርጥ የሚሰማ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ካለም የጎማው መጋረጃ ሳይቀደድ አልቀረም።

ምርመራው ጉድለት ካሳየ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው። በመጀመሪያ ቱቦው ተሰንጥቆ፣ ተጨምድዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ ቫልቮላዋ ትወጣና በአፍ ትነፋለች፤ በሁለቱም ወገን ካሳለፈች ወይም በሁለቱም ከዘጋች ተበላሽታለች። ከዚያ የአየር ፓምፑ፣ በመጨረሻም ሰርቮው ራሱ ይመረመራል። አንዳንድ ጋራዥ ይህን ቅደም ተከተል ትቶ በቀጥታ ሰርቮ ያስለውጣል፤ ጥፋቱ የቱቦ ከሆነ ግን አዲሱም ሰርቮ እንደ አሮጌው ይደነድናል፣ ገንዘቡም በከንቱ ይወጣል። ሦስቱንም ፈተና ያለፈ መኪና ደግሞ ችግሩ ወደ ጎማዎቹ ነው፤ የተጣበቀ ፒስቶን፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ የፍሬን ሸራ፣ ወይም ውስጡ አብጦ የተዘጋ የዘይት ጎማ ይፈለጋል።

የአገራችንም ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ሰርቮን የሚገፋው የውጭ አየር ነው ብለናል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ የወጣ መኪና ደጋ ሲደርስ ረዳቱ በመጠኑ ይደክማል። ይህ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው፤ በድንገት የደነደነ ፍሬን በከፍታ አይመካኝም።

ነገሩ ከሁሉ የሚከፋው በቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ይዘቀዘቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያጠፉት ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑንም ረዳት ነው። በሰርቮው ውስጥ የተረፈው ኃይል ከጥቂት ርግጫ አያልፍም፤ የዳነው ናፍጣም ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር አይመዛዘንም። ቁልቁለት የሚወረደው ሞተር ሳይጠፋ፣ በከባድ ማርሽ ነው።

ፍሬኑ በመንገድ ላይ ቢደነድን ሾፌሩ ሳይደነግጥ በሁለት እግሩ አጥብቆ ይርገጥ፣ ማርሹንም በየተራ ዝቅ ያድርግ። የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያለ ይሳብ፤ በጥንት ላንድሮቨሮች ግን የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ፣ በሩጫ ላይ መሳቡ አደጋ አለው። መኪናው ከቆመ በኋላ ሳይጠገን መቀጠል የለበትም።

በመጨረሻ፣ የጥገና መጠየቂያ ለሚጽፈው ወጣት የቢሮ ሠራተኛ አንድ ቃል አለን። «ፍሬኑ ይሠራ» ብሎ መጻፍ ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም። ይልቁንም «ሞተሩ ሲነሣ መርገጫው ዝቅ አይልም፤ ሲረገጥ የአየር ድምፅ ይሰማል» ተብሎ ቢጻፍ ጋራዡ ሥራውን ከትክክለኛው ቦታ ይጀምራል። ሾፌሩም «ፍሬኑ ሳይታይ አልሄድም» ቢል፣ ስብሰባው ይዘገያል ብሎ ከመቆጣት ከጎኑ መቆም ይገባል። የዘገየ ስብሰባ በነጋታው ሊደረግ ይችላልና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለመኪናም ይሠራል።