የቦይንግ ሁለት ስጋቶች፦ ዕቃ የሚያቀርቡለትና አውሮፕላን የሚጠብቁት

ቦይንግ አንድን ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ለመሥራት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ክፍሎች ያስፈልጉታል። የአሜሪካው ኩባንያ ከእነዚህ አብዛኞቹን ራሱ አያመርትም፤ ከበርካታ አገሮች ይገዛል። የ787 ድሪምላይነር ክንፎች ከጃፓን ይመጣሉ፤ ከአካሉ ከፊሉ በጣሊያን ይሠራል። አንዲት ወሳኝ ዕቃ ከዘገየች ግን የተቀረው ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን አውሮፕላኑ ለገዢው አይደርስም። ስለዚህ የኩባንያው የመጀመሪያ ስጋት የሚገኘው ከራሱ አጥር ውጭ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው በጥር 5 ቀን 2024 በአሜሪካ የደረሰው አደጋ ነው። የአላስካ አየር መንገድ ንብረት የሆነ 737 ማክስ ከፖርትላንድ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የበር ቦታ መድፈኛው ተገንጥሎ ወደቀ። ሰው ባይሞትም፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ መድፈኛውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች እንዳልነበሩ አረጋገጠ። የአውሮፕላኑ አካል ከአቅራቢው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ የመጣው ጉድለት ያለባቸውን ሪቬቶች ይዞ ነበር። በቦይንግ ፋብሪካ ጉድለቱ ሲታረም መድፈኛው ተነሣ፤ ሲመለስ ግን ብሎኖቹ አልተገጠሙም። የአቅራቢው ስሕተትና የገጣጣሚው ቸልተኝነት በአንድ ቀዳዳ ተገናኙ።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የ737 ማክስ ምርት በወር ከ38 እንዳይበልጥ ገደበ፤ ገደቡ ወደ 42 ከፍ ያለው በጥቅምት 2025 ነው። ቦይንግ በ2005 ከራሱ ነጥሎ የሸጠውን ስፒሪትን መልሶ ለመግዛት በ2024 የተስማማውም ከዚህ በኋላ ነው። በርካሽ ለመግዛት ሲል ከእጁ ያወጣውን ሥራ በብዙ ገንዘብ መለሰው ማለት ነው።

ግዢው ግን ሁሉንም አይፈታም። ለ737 ማክስ ሞተር የሚያቀርበው ሲኤፍኤም ብቻ ነው። ለ777ኤክስም ያለው አንድ የሞተር ዓይነት ብቻ ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ቦይንግ የሩሲያ ቲታንየም መግዛት አቋረጠ። በየካቲት 2025 ደግሞ በፔንሲልቬንያ የአውሮፕላን ማሰሪያዎችን የሚያመርት ፋብሪካ በእሳት ወድሞ አምራቾችን ምትክ ፍለጋ አሯሯጠ።

ሁለተኛው ስጋት ከደንበኞች ወገን ነው። አየር መንገዶች የአውሮፕላኑን ዋጋ አብዛኛውን የሚከፍሉት በርክክብ ወቅት ስለሆነ፣ መዘግየት በቀጥታ የገንዘብ እጥረት ይሆናል። ምርት በተገደበበትና 33 ሺህ ያህል ሠራተኞች ከሰባት ሳምንታት በላይ አድማ በመቱበት በ2024 ቦይንግ ያስረከበው 348 አውሮፕላን ብቻ ነበር፤ በ2018 ግን 806 አስረክቦ ነበር። የዚያ ዓመት ኪሳራው ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ገንዘብ ያጠረው ገዢ ደግሞ አቅራቢዎቹን ዋጋ ቀንሱ ብሎ ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ አቅራቢም ሠራተኛና ጥራት ይቀንሳል። ሁለቱ ስጋቶች አንዱ ሌላውን የሚመግቡት በዚህ መንገድ ነው።

ፖለቲካም አለበት። በሚያዝያ 2025 የአሜሪካና የቻይና የታሪፍ ፍጥጫ ሲበረታ፣ ለቻይና አየር መንገዶች ተዘጋጅተው የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ አሜሪካ ተመለሱ።

የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አይደሉም። የ777ኤክስ ትልቁ ደንበኛ ኤምሬትስ ነው። በ2020 ይደርሳል የተባለው ይህ አውሮፕላን ወደ 2027 ተላልፏል። ኤምሬትስ ግን በኅዳር 2025 በዱባይ የአየር ትርኢት 65 ተጨማሪ አዘዘ፤ በዚህ መጠን ምትክ ማግኘት ቀላል አይደለምና። በዚያው ትርኢት፣ እስከዚያ ድረስ በቦይንግ አውሮፕላኖች ብቻ ሲበር የኖረው ፍላይዱባይ 150 አውሮፕላኖችን ከኤርባስ ለመግዛት ተስማማ። ፍላይዱባይ ቦይንግን አልተወም፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ጥበብ ግን ተከትሏል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ከገንዘብ በላይ ነው። በመጋቢት 2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ 157 ሰዎች ሞተዋል። ያ አደጋ ከራሱ ከቦይንግ የበረራ መቆጣጠሪያ ንድፍ ጋር የተያያዘ ነበር። እንዲያም ሆኖ አየር መንገዱ በኅዳር 2023 በዱባይ 11 ድሪምላይነሮችንና 20 ማክሶችን፣ በመጋቢት 2024 ደግሞ ስምንት 777-9 አውሮፕላኖችን አዟል። ርክክቡ ሲዘገይ አሮጌ አውሮፕላኖች ረዘም ላለ ጊዜ ይበራሉ፤ ወይም በኪራይ ይሟላሉ። በሁለቱም መንገድ ወጪው ይጨምራል፤ መቀመጫ ሲያንስም ዋጋው ለዓመት በዓል ወደ አገሩ የሚጓዘው ሠራተኛ ትኬት ላይ ይደርሳል።

ቦይንግ በ2025 ያስረከባቸው አውሮፕላኖች ወደ 600 ከፍ ማለታቸው የማገገም ምልክት ነው። ነገር ግን ማገገሙ የሚለካው በወር በሚወጡት አውሮፕላኖች ብዛት ብቻ አይደለም። አቅራቢው ጉድለቱን ሳይደብቅ የሚናገርበት፣ ተቆጣጣሪውም ምርቱን ለማስቆም የማያመነታበት አሠራር ካልጸና፣ የተፋጠነው ምርት ያለፈውን ስሕተት በፍጥነት የሚደግም ይሆናል።