የቦርከናን ደህንነት ለመጠበቅ የመረጃ ቅንጅት ያስፈልጋል

በደሴ አካባቢ የሚነሳው የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚገባ ሲሆን፣ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል። በ2009 ዓ.ም የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ መመረቁም የወንዙን ክትትል ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

ተመሳሳይ መጠን ያለው ፍሳሽ የወንዙ ውሃ በሚጎድልበት በጋ የሚያስከትለው ጉዳት ከክረምቱ ይብሳል። በመሆኑም የፍሳሽ ልኬት ብቻውን ለውሳኔ አያበቃም፤ ከዝናብ፣ ከወንዙ ፍሰትና በውሃው ከሚኖሩ ፍጥረታት መረጃ ጋር ተጣምሮ መሰላት አለበት። መረጃው በየባለሙያው ኮምፒውተር ተበታትኖ ከቀረ ግን ባለሙያው ሲዛወር አብሮ ይጠፋል።

በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ በኮምቦልቻ የምህንድስናና የኮምፒውተር ምሁራን አሉት። ሁለቱ ወገኖች የሚጠቀሙበት የጋራ ሰርቨርና ያለ ክፍያ የሚገኘው «አር» የተሰኘው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ለሥራው መነሻ ይሆናሉ። ውጤት የሚገኘው ግን የአካባቢ ጥበቃና የውሃ መሥሪያ ቤቶች ልኬቶቻቸውን በወጥ ቅጽ ሲያቀርቡ ነው።