መዳቡ ሲሳሳ ወጪው ይወፍራል

ድሬዳዋ ላይ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ባለንብረት ኤር ኮንዲሽነር ሲገዛ ስለ ማሽኑ ስም፣ ስለ ዋስትናውና ስለ መብራት ፍጆታው አጥብቆ ይከራከራል። የውስጡን ማሽን ከውጪው ጋር ስለሚያገናኙት ሁለት ቱቦዎች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ቱቦውን ገጣሚው ይዞ ይመጣል» ይባልና ነገሩ ይታለፋል። ገንዘብ በጋዝ መልክ የሚተነው ደግሞ በዚሁ በኩል ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የመዳብ ዋጋ ቶኑ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሁለቱ ሲደራረቡ ሻጭ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ሳሳ ያለ ቱቦ ማቅረብ ቢያምረው አያስገርምም። የውጪው ስፋት ያው ስለሆነ ዓይን አይለየውም።

ሚዛን ግን ይለየዋል። የ3/8 ኢንች የመዳብ ቱቦ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15 ሜትሩ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። 0.6 ከሆነ 2 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ነው። በሜትር የከፈለ ሰው ወደ ሩብ የሚጠጋ መዳብ ጎደለበት ማለት ነው። በርበሬ ሲገዛ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ የሚያስተካክል ከተሜ ቱቦ ላይ ሲደርስ ለምን ዝም እንደሚል እንጃ!

ለድሮው አር-22 ጋዝ ይበቃ የነበረ ቱቦ ዛሬ ላያዛልቅ ይችላል። የአር-410ኤ ግፊት የአር-22ን አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ያህል ነው፤ አር-32ም ከዚያው አይርቅም። ስስ ቱቦ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ለማሰሪያው አፉ በተከፈተበት ቦታ ላይ ነው። ጋዝ ሲጎድል ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ ጥገና የሚጠራውም ሰው ፍሳሹን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ ይሄዳል።

በርካሽ የሚቀርበው አሉሚኒየምም አለ። አሉሚኒየም በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከማሽኑ መዳብ ጋር ሲጋጠምና ቀዝቃዛው ቱቦ ውሃ ሲያልበው ግን መጋጠሚያው ይበላል። ለአንድ ክፍል ጥቂት ብር ቆጥቦ ባለ አሥር ክፍል እንግዳ ማረፊያን በዚህ መሥራት የነጋዴ ሒሳብ አይደለም።

መጠኑ በግምት አይመረጥም። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ ማሽን ብዙውን ጊዜ ሩብና 3/8 ኢንች፣ ባለ 18 ሺው ሩብና ግማሽ ኢንች ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ቃል የማሽኑ መመሪያ ነው። አፉ ሳይደፈን ሱቅ ውስጥ የከረመ ጥቅል እርጥበትና አቧራ ስለሚይዝ በቅናሽም አይወሰድም።

ሻጩ ውፍረቱን ደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ጥቅሉም ገዢው ፊት ይመዘን። እምቢ ካለ ጎረቤቱ ሱቅ አለ። ባለንብረቱም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በናይትሮጂን ተሞልቶ ሲፈተሽ ቆሞ ይይ፤ ከተለሰነ በኋላ ፍሳሽ ፍለጋ የሚጀመረው በመዶሻ ነው።