አሮጌው መሣሪያ ከግምጃ ቤት ይውጣ

ማናቸውም መሥሪያ ቤት ዐዲስ ዕቃ በገባለት ቀን ደስ ይለዋል፤ ዕቃው ተቈጥሮ በመዝገብ ይገባል፤ የተረከበውም ሰው ይፈርማል። ያው ዕቃ አርጅቶ ሥራውን ባቆመ ቀን ግን የሚጠይቀውም የሚፈርምለትም አይገኝም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ደረጃው ሥር፣ በመጨረሻም ወደ ግምጃ ቤቱ ጥግ እየተገፋ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማሳሰብ የምንወደው በየጥጉ ስለተረሳው ኮምፒዩተር፣ ማተሚያ፣ ስልክና ባትሪ ነው።

ነገሩ የካፋን አገር በተለይ ይመለከታል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ቀድሞ የዞን መቀመጫ ብቻ የነበረችው ቦንጋ የክልሉም የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ በበዛበት ስፍራ መሣሪያው ይበዛል፤ ኮምፒዩተርም እንደ ድንጋይ ወፍጮ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ አይደለም። በምሥረታው ጊዜ የተገዛው ሁሉ የማርጃው ተራ እየደረሰ ስለሆነ፣ ጕዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

አንዳንድ ሰው፣ «አሮጌ ዕቃ በጥግ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ጕዳቱ ግን አለ። ባለ ትልቅ ሆዱ የቀድሞ የኮምፒዩተር መስተዋት በውስጡ እርሳስ አለበት፤ በአንዳንዱ ባትሪ ካድሚየም፣ በረጅሙ ነጭ አምፑል ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ ይገኛል። ዕቃው ተሰብሮ በሜዳ በተጣለ ጊዜ ይህ መርዝ በዝናብ ታጥቦ ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይገባል። እርሳስም ወደ ሕፃን ሰውነት የገባ እንደሆነ የአእምሮውን ዕድገት ይጎዳል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም 760,000 ሔክታር ያህል ነው። ከቦንጋ እስከ ደካ ያለው ሕዝብ የሚኖረው በዚህ አገር ቡናና ማር፣ ምንጭና ወንዝ ነው። ይህን ሀብት ለዓለም እያስመሰከርን በጓሮው መርዝ ብንቀብር፣ በአንድ እጅ የሠራነውን በሌላው ማፍረስ ይሆናል።

ሁለተኛውም ነገር፣ የጣልነው ዕቃ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። የጃፓን ሰዎች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሜዳይ ለማሠራት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2017 እስከ 2019 ድረስ በሕዝቡ መካከል የማሰባሰብ ዘመቻ አደረጉ። በዚህም 78,985 ቶን አሮጌ መሣሪያና 6.21 ሚሊዮን የእጅ ስልክ ተሰብስቦ፣ 32 ኪሎ ግራም ወርቅ፣ 3,500 ኪሎ ግራም ያህል ብርና 2,200 ኪሎ ግራም ያህል ነሐስ ወጣበት። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰሎሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር አሸንፎ በአንገቱ ያጠለቀው የወርቅ ሜዳይ ከዚሁ የተሠራ ነው። ሁላችን በደስታ ያየነው ወርቅ ትናንት በሰው መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ስልክ ነበር ማለት ነው።

በዓለም ላይ ያለው ሁኔታ ግን ገና የሚያስመሰግን አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት መግለጫ መሠረት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲወጣ፣ በሥርዐት ተሰብስቦ ወደ ጥቅም የተመለሰው ከመቶው 22.3 ብቻ ነው፤ በአፍሪካማ ከመቶው አንድ እንኳ አይሞላም። ይህም የሕግ ጕድለት ነው እንዳንል ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የባዝልን ስምምነት ተቀብላለች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቍጥር 1090፣ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም ደንብ ቍጥር 425 ወጥተዋል። የቀረው ሕጉን ወደ ሥራ የሚያወርድ ትጋት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አሳብ፣ በቦንጋ ያሉት መሥሪያ ቤቶች አንድ የማሰባሰቢያ ሳምንት ይወስኑ። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ቢሮ ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ በአንድ በተመረጠ ደረቅ ቤት ያስረክብ፤ ሠራተኛውም በቤቱ የተቀመጠውን ስልክና ባትሪ ይዞ ይምጣ። ባትሪው ለብቻው ይለይ፤ ያበጠ ወይም የተሰበረ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ኮምፒዩተሩ ከመሰጠቱ በፊት በውስጡ የተጻፈው የሕዝብ ጕዳይ ፈጽሞ ይደምሰስ። ተጠግኖ የሚሠራው ለትምህርት ቤት ይሁን፤ የማይሠራው ፈቃድ ላለው ፈታሽ ይላክ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ብትርቅም፣ ለቢሮዎች ዕቃ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ይህን ቢጭን ወጪው ይቀላል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ የንብረት ኀላፊዎች ሥጋት ነው። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ብሰጥ ኦዲተር ይጠይቀኛል» ይላሉ፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን መሰብሰብ ማለት ከመዝገብ መሰረዝ ማለት አይደለም። ዕቃው በቍጥሩ ተመዝግቦ በአንድ ቤት ይቀመጥ፤ የማስወገዱን ውሳኔ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ በሕጉ መሠረት ይስጥ። እንዲያውም በሦስት ጥግ ተበታትኖ ክፍሉ እየተነቀለ ከሚጠፋው ይልቅ፣ በአንድ ቤት የተቈለፈው ለኀላፊው መተማመኛ ነው።

ሁለተኛው የሚታሰብለት «ቁራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ድኻ ነው። እርሱ ያለ ደመወዝ አገር ሲያጸዳ የኖረ ሰው ነው፤ ነገር ግን መዳቡን ለማግኘት ሽቦውን በእሳት ሲያቃጥል የመርዙን ጢስ አስቀድሞ የሚምገው ራሱ ነው። ስለዚህ ዘመቻው እንጀራውን የሚነጥቀው መሆን የለበትም፤ ሽቦውን ሳያቃጥል በኪሎ የሚያስረክብበት ስፍራና ተገቢ ዋጋ ይሰጠው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ያረጀ ልብስና የተጎዳ መጽሐፍ እንደ ተራ ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም፤ በዕቃ ቤት ይጠበቃል፤ ገበዙም ስለ እያንዳንዱ ይጠየቅበታል። ዛሬ በየደብሩ የድምፅ ማጉያና ባትሪ ስለገባ፣ ይኸው ጥንቃቄ ወደ እርሱም ቢዘልቅና ለምእመናን ቢነገር ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ክምሩ ገና በአንድ መኪና በሚጫንበት በዛሬው ቀን ሥራው ይጀመር። ዕቃ ሲገባ የፈረመ እጅ፣ ሲወጣም መፈረም ይገባዋል።